የሩቅ አገር በጀትና የቅርብ ክሊኒክ

የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች



በዚህ እትም የምናጠናው ስለ መንግሥት በጀትና ስለ ጤና ነው። በጀት ሲባል ብዙዎቻችሁ «ይህ የሚኒስትሮች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ በናይሮቢም ሆነ በካኩማ ወይም በዳዳብ፣ ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒት በነፃ የተቀበለ፣ ልጁን ያስከተበ ወይም አክታውን ያስመረመረ ሰው የአንድ መንግሥት በጀት ደርሶታል። «በነፃ» ማለት ዋጋ የሌለው ማለት አይደለም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሏል ማለት ነው። ከፋዩም ሩቅ አገር የሚኖር፣ በየወሩ ከደመወዙ ግብር የሚቆረጥበት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ያ ገንዘብ ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ግን እዚህ ያለው ሕመምተኛ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ከየት እንደሚነሣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍና የት ላይ ሊቆም እንደሚችል ማወቅ ከፈተና ያለፈ ጥቅም አለው። ቤተሰብ ሳይዘጋጅ ችግር እንዳይደርስበት ይረዳል።

የትምህርቱ ዓላማ፡- ይህን ትምህርት ስትጨርሱ

1. በጀት ምን እንደሆነ በራሳችሁ ቃል ለማስረዳት፤
2. የርዳታ ገንዘብ ከቃል እስከ ክሊኒክ የሚያልፍባቸውን አምስት በሮች ለመዘርዘር፤
3. ከኢትዮጵያ ታሪክ ምሳሌ ጠቅሳችሁ የውጭ ርዳታ መቼ ፍሬ እንደሚሰጥ ለመናገር፤
4. በቤታችሁ ምን ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ከወላጆቻችሁ ጋር ለመወያየት ትችላላችሁ።

ማሳሰቢያ፡- በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እዚህ ኬንያ በምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. በጀት ምንድን ነው?

በጀት የሚለው ቃል ከውጭ አገር ቋንቋ የመጣ ነው። መነሻው የጥንት ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበር። የኬንያ የገንዘብ ሚኒስትር በየዓመቱ በጁን ወር የበጀት ንግግር ለማድረግ ወደ ፓርላማ ሲሄዱ ቦርሳ አንጠልጥለው ፎቶግራፍ የሚነሡት ከዚያ ከድሮው ልማድ የተነሣ ነው። እንግዲህ በጀት ማለት መንግሥት በሚመጣው ዓመት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያገኝና በምን በምን ላይ እንደሚያወጣ አስቀድሞ የሚጽፍበት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ በሕዝብ ምክር ቤት ሲጸድቅ ሕግ ይሆናል።

በቤት ምሳሌ እንየው። አንዲት እናት በወር 20,000 ሽልንግ ታገኛለች እንበል። ለቤት ኪራይ 9,000፣ ለምግብ 7,000፣ ለትምህርት ቤትና ለማታቱ 3,000 መደበች። የቀራት 1,000 ሽልንግ ነው። ከዚህ ውስጥ ለታመመ ጎረቤት ጥቂት ብታዋጣ ያ ገንዘብ በእሷ በጀት ውስጥ «የውጭ ርዳታ» ሊባል ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1970 ባሳለፈው ውሳኔ ሀብታም አገሮች ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 0.7 ያህሉን ለድሆች አገሮች ርዳታ እንዲመድቡ ጠይቋል። ከእናቲቱ 20,000 ሽልንግ ከመቶ 0.7 ማለት 140 ሽልንግ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ይህን መጠን የሞሉ አገሮች ጥቂቶች ናቸው። እንግሊዝ ሞልታ ነበር፤ ነገር ግን በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ለመከላከያ ኃይሏ ብዙ ገንዘብ ለማዋል በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታወቀች። በምሳሌያችን እናት ቢሆን 140 የነበረው 100 ሆነ፣ ከዚያም 60 ሽልንግ ሊሆን ነው። ለሰጪው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለተቀባዩ ግን ከግማሽ በላይ መቀነስ ነው።

የበጀት ዓመትም በየአገሩ ይለያያል። የኢትዮጵያ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የኬንያ ጁላይ 1፣ የአሜሪካ ኦክቶበር 1፣ የእንግሊዝ ደግሞ ኤፕሪል 1 ይጀምራል። በአንድ ክሊኒክ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች የገንዘብ ምንጫቸው የተለያየ ከሆነ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው ሊቀጥል የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለ. አምስቱ በሮች

የርዳታ ገንዘብ ከሰጪው አገር እስከ ሕመምተኛው ድረስ አምስት በሮችን ያልፋል። በየበሩ ላይ ዘበኛ አለ። አንዱ ቢዘጋ ገንዘቡ እዚያው ይቆማል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤድስ መከላከያ ፕሮግራም ነው።

አንደኛው በር ቃል ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 ለምክር ቤታቸው ባደረጉት ንግግር ለኤድስ መከላከያ በአምስት ዓመት ውስጥ 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሬዲዮ የሰማ ሰው ገንዘቡ የመጣ መስሎት ሊሆን ይችላል። ገና አልመጣም ነበር።

ሁለተኛው በር ሕግ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ፕሮግራሙ እንዲቋቋም ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱም ሜይ 27 ቀን 2003 ፈረሙበት። ኢትዮጵያና ኬንያ በመጀመሪያ ከተመረጡት አገሮች መካከል ነበሩ። ይህ ሕግ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል አለ እንጂ ገንዘቡን ራሱ አልሰጠም።

ሦስተኛው በር የዓመቱ በጀት ነው። ከሕጉ በኋላ ምክር ቤቱ ለእያንዳንዱ ዓመት ስንት እንደሚሰጥ ለብቻው መወሰን አለበት። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ የጸደቀው በጃንዋሪ 2004 ነበር። መጠኑም በዓመት 3 ቢሊዮን ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። እንደምታዩት ከቃሉ እስከዚህ በር ድረስ አንድ ዓመት አልፏል።

አራተኛው በር ውልና ክፍያ ነው። የጸደቀው ገንዘብ በመሥሪያ ቤቶች በኩል ለጤና ሚኒስቴሮች፣ ለድርጅቶችና ለመድኃኒት አቅራቢዎች በውል ይከፋፈላል። ውል ሳይፈረም ገንዘብ አይወጣም።

አምስተኛው በር መንገዱ ነው። መድኃኒት ተገዝቶ በመርከብ ይጫናል፤ ወደብ ይደርሳል፤ ጉምሩክ ያልፋል፤ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያም ለክሊኒኮች ይከፋፈላል። በ2021 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ርዳታ የተገዛ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሞምባሳ ወደብ ላይ ለወራት ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ስለ ቀረጥና መድኃኒቱን ማን ያከፋፍል በሚለው ነገር የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣኖች አለመስማማታቸው ነው። መድኃኒቱ ኬንያ ውስጥ እያለ በክሊኒኮች እጥረት ሆነ።

በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መስጠት የተጀመረው በ2005 ነው፤ ገንዘቡ የመጣውም ከፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ ከተባለው የጋራ ቋት ነበር። የ2003ን ንግግር የሰማ የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ነፃ ክኒን እጁ እስኪገባ ድረስ ሁለት ዓመት ጠብቋል ማለት ነው። ብዙዎች ያን ያህል ጊዜ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ የተሠራው ሥራ ከፍተኛ ነው። በ2024 በፔፕፋር ርዳታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በዓለም ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነው ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ «የትኛው በር ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐ. ገንዘቡ የሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ነው። ፔፕፋር ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ መንገድ ሰጪው አገር ገንዘቡ በየትኛው በሽታ ላይ እንደሚውል በአብዛኛው ራሱ ይወስናል።

ሁለተኛው መንገድ የጋራ ቋት ነው። ብዙ መንግሥታት በአንድ ቋት ውስጥ ያዋጣሉ፤ ቋቱ ደግሞ ለአገሮች ያከፋፍላል። ይህን በእድራችን መልክ ልትረዱት ትችላላችሁ። በ2000 የተቋቋመው ጋቪ ለሕፃናት ክትባት ይሰበስባል። በ2002 የተቋቋመው ግሎባል ፈንድ ለኤድስ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ ይሰበስባል። ግሎባል ፈንድ በየሦስት ዓመቱ መዋጮ ይጠይቃል። በኖቬምበር 2025 በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ከተማ ሲጠይቅ ግቡ 18 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያ ቀን ቃል የተገባለት ግን 11.34 ቢሊዮን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሁለት ዓይነት ገቢ አለው። አንዱ እያንዳንዱ አባል አገር እንደ አቅሙ የሚከፍለው የአባልነት መዋጮ ነው። ሌላው በፈቃድ የሚሰጥ ርዳታ ነው፤ የሚበዛውም ይኸኛው ነው። በፈቃድ የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው «ለዚህ በሽታ ብቻ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 ከድርጅቱ ለመውጣት ካስታወቀች በኋላ ድርጅቱ የ2026 እና የ2027 በጀቱን ከ5.3 ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። በእድር ውስጥ ዋናው አዋጪ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ወላጆች በሚገባ ታውቁታላችሁ።

መ. ከኢትዮጵያ ታሪክ ሦስት ምሳሌዎች

1. የጎንደር ጤና ኮሌጅ። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ሺህዎችን ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረውበታል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ከዚያ የበቀለ ነው። የውጭው ገንዘብ የተወሰነ ዓመት ቆይቶ ቢያልቅም የሠለጠነው ሰውና ትምህርት ቤቱ ቀሩ።

2. የወባ ማጥፊያ ዘመቻ። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ሳይቀር የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙና ወደ 150,000 እንደሞቱ ተገምቷል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። በአሜሪካ ርዳታና ብድር ታግዞ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቀጠረ፤ ቤቶችን በመድኃኒት ረጨ። ነገር ግን የወባ ትንኝ በየዓመቱ ትራባለች፤ ርጭቱም በየዓመቱ ገንዘብ ይፈልጋል። በዓለም ላይ ወባን ለማጥፋት የነበረው ግለት በቀዘቀዘ ጊዜ ገንዘቡም ቀዘቀዘ፤ ወባም ተመለሰች። በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በየዓመቱ መቀጠል ያለበት ሥራ በጊዜያዊ ገንዘብ ላይ ብቻ ከቆመ መጨረሻው እንዲህ ነው።

3. የፈንጣጣ መጥፋት። ይህኛው ከናይሮቢ ጋር ግንኙነት አለው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጃንዋሪ 1971 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተገኙ። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ መንደር ለመንደር ፈለጉ፤ ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በኦገስት 1976 ነው። በተፈጥሮ መንገድ በዓለም የመጨረሻ የሆነው ሕመምተኛ ደግሞ በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ዓሊ ማው ማሊን ነው፤ እሱም ድኗል። ልክ ሁለት ዓመት ከተጠበቀ በኋላ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1979፣ የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑ የተነገረው እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ነው። በሜይ 1980 ዓለም በሙሉ ነፃ መሆኗ ታወጀ።

ወጪው ምን ያህል ነበር? ከ1967 ጀምሮ በጠቅላላው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ከውጭ ርዳታ የመጣው ወደ 100 ሚሊዮን ሲሆን፣ ወደ 200 ሚሊዮን የሚሆነውን ያወጡት በሽታው የነበረባቸው አገሮች ራሳቸው ናቸው። ይህን ልብ በሉ! ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሀብታም አገሮች እንደረዱ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የከፈሉት ግን ድሆቹ ናቸው። ሀብታሞቹም አልከሰሩም። በሽታው ከጠፋ በኋላ በየዓመቱ ለክትባትና ለወደብ ቁጥጥር ያወጡት የነበረው ገንዘብ ተረፈላቸው። አንድ መንግሥት ለሌላ አገር ጤና የሚያወጣው በርኅራኄ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ተላላፊ በሽታ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ከሦስቱ ምሳሌዎች የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው። የውጭ ገንዘብ ፍሬ የሚሰጠው ሲሄድ የሚቀር ነገር ትቶ ከሆነ ነው፤ ይኸውም የሠለጠነ ሰው፣ የቆመ ተቋም ወይም ጨርሶ የጠፋ በሽታ። በየዓመቱ ለሚደጋገም ወጪ ግን የአገር የራስ በጀት መኖር አለበት።

ሠ. በ2025 የሆነው

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ከቀናት በኋላ በብዙ አገሮች ያሉ ፕሮግራሞች ሥራ እንዲያቆሙ ደብዳቤ ደረሳቸው። እዚህ ላይ አምስቱን በሮች አስታውሱ። ገንዘቡ አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በር አልፎ ነበር፤ ምክር ቤቱ አጽድቆታል። የተዘጋው አራተኛው በር፣ ማለትም ክፍያው ነው። ሕይወት አድን ለሆኑ ሥራዎች በኋላ ልዩ ፈቃድ ቢሰጥም ብዙ ክፍያዎች ዘግይተዋል፤ ብዙ ውሎችም ጨርሰው ተሰርዘዋል። በኢትዮጵያ በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። የአሜሪካ የልማት ርዳታ ድርጅት፣ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ.፣ ጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቆመ፤ የቀረውም ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዛወረ።

በዚያው ወር መንግሥቱ ቀደም ሲል የጸደቀ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ምክር ቤቱን ጠይቆ አስፈቀደ። ከተጠየቀው ውስጥ 400 ሚሊዮን የሚሆነው የፔፕፋር ነበር። የምክር ቤት አባሎች ይህ እንዳይነካ ተከራክረው አስወጡት። እንግዲህ በሩን የሚዘጋም የሚከፍትም ሰው ነው። የሕዝብ ተወካይ የሚሰማው ደግሞ የሚናገረውን ሰው ነው። በአሜሪካ የሚኖሩና ድምፅ የሚሰጡ ኢትዮጵያውያን ዘመዶች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ልታስታውሷቸው ትችላላችሁ።

በዲሴምበር 2025 ኬንያና አሜሪካ አዲስ የአምስት ዓመት የጤና ስምምነት ተፈራረሙ። በስምምነቱ መሠረት አሜሪካ እስከ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ልትሰጥ፣ ኬንያ ደግሞ የራሷን የጤና ወጪ በ850 ሚሊዮን ዶላር ልትጨምር ነው። በዚያው ወር የኬንያ ፍርድ ቤት የሕሙማን መረጃ ወደ ውጭ የሚተላለፍበትን ክፍል ለጊዜው አግዷል። ይህን ስምምነት በየትኛው በር ላይ ትመድቡታላችሁ? በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

ረ. የራስ ገንዘብ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። የአፍሪካ መሪዎች በኤፕሪል 2001 በናይጄሪያ ዋና ከተማ በአቡጃ ተሰብስበው ከመንግሥታቸው በጀት ቢያንስ ከመቶ 15 ለጤና እንደሚመድቡ ቃል ገብተው ነበር። ይህም ቃል እንደሌላው ቃል አንደኛውን በር ብቻ ያለፈ ሆኖ የቀረባቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ፣ በግምት፣ ሲሶው ከመንግሥት፣ ሲሶው ከውጭ ርዳታ፣ ሲሶው ደግሞ በቀጥታ ከሕመምተኛው ኪስ የሚወጣ ሆኖ ቆይቷል። የመጨረሻው ሲሶ ለድሀ ቤተሰብ እጅግ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሚከፈለው ሰው ታሞ ሥራ በፈታበት ጊዜ ነው። ይህን ሸክም ለማቅለል ሁለት ነገሮች ተሞክረዋል። አንዱ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ክትባቱና መድኃኒቱ በአብዛኛው በውጭ ርዳታ ቢገዛም የእነሱን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ሁለተኛው በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው። ገበሬው በደህና ጊዜው በየዓመቱ ጥቂት ያዋጣል፤ ሲታመም ይታከማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህ ነው።

ሰ. እኛስ ምን እናድርግ?

እዚህ ሳውዝ ሲ የምትኖሩ ተማሪዎች ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ከጣራችን በላይ የሚያልፉትን ትንንሽ አውሮፕላኖች በየቀኑ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ የርዳታ ሠራተኞችን ወደ ካኩማና ወደ ዳዳብ ያመላልሳሉ። ነዳጁ፣ የሐኪሙ ደመወዝ፣ የካምፑ ክሊኒክ መድኃኒት በአብዛኛው የሚከፈለው መንግሥታት በፈቃዳቸው ለስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ለዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.፣ እና ለሌሎች ድርጅቶች ከሚሰጡት ገንዘብ ነው። ኮሚሽኑ ገቢውን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል በየዓመቱ እየጠየቀ ነው። በ2025 በካኩማና በዳዳብ የምግብ ራሽን የተቀነሰውም መዋጮው በመጉደሉ ነው። ይህ የስደተኛው ጥፋት አይደለም። የክሊኒኩ ነርስ ጥፋትም አይደለምና መድኃኒት ባለቀ ቁጥር በእሷ ላይ መቆጣት ምንም አይረዳንም።

ወላጆች ሆይ፣ የሚከተሉትን እንድታደርጉ እንመክራለን፤

1. በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤታችሁ ካለ (የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች.አይ.ቪ. ወይም ሌላ)፣ ክኒኑ ሳያልቅ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

2. ክሊኒኩን «ይህን መድኃኒት የሚከፍለው ማን ነው? ፕሮግራሙ ቢዘጋ ወዴት ትልኩናላችሁ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የመጠየቅ መብት አላችሁ።

3. የሕክምና ካርዳችሁን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ወረቀት በቤታችሁ አስቀምጡ። ክሊኒኩ ሊዘጋ ከሆነ የመሸጋገሪያ ደብዳቤ ጠይቁ። ወረቀት የያዘ ሕመምተኛ በሌላ ቦታ ሕክምናውን ለመቀጠል ይቀለዋል።

4. «ርዳታ ቆሟል» የሚል ወሬ ስለሰማችሁ ብቻ መድኃኒት አታቋርጡ፤ ለሌላ ሰውም አታካፍሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በብዛት ስድስት ወር ይፈጃል። በመካከል ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድና ሊበረታ፣ ለልጆችም ሊተላለፍ ይችላል።

5. ኬንያ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የቀድሞውን የሆስፒታል መድን በአዲሱ የማኅበራዊ ጤና መድን፣ በኤስ.ኤች.ኤ.፣ ተክታለች። ሕጉ በአገሩ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎችም በር ከፍቷል። የስደተኛ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ስለ ምዝገባው በአቅራቢያችሁ ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳያልፍበትም ተጠንቀቁ።

6. በሰፈር ወይም በማኅበር የምትሰበሰቡ ከሆነ ለሕመም ጊዜ የሚሆን ትንሽ ቋት አቋቁሙ። ገቢና ወጪውን የሚጽፍ ሰው ምረጡ፤ ደብተሩም ለአባላቱ ሁሉ ክፍት ይሁን። ከመንግሥት በጀት የምንጠብቀውን ግልጽነት በራሳችን ደብተር እንጀምረው።

የቃላት መፍቻ

በጀት፡- የገቢና የወጪ ዕቅድ።
ማጽደቅ፡- ምክር ቤት አንድን ዕቅድ ተቀብሎ ሕግ ማድረጉ።
መዋጮ፡- አባላት ለጋራ ሥራ የሚከፍሉት ገንዘብ።
ቋት፡- የብዙዎች መዋጮ የሚጠራቀምበት የጋራ ገንዘብ።
መድን፡- በደህና ጊዜ እያዋጡ በችግር ጊዜ የሚገለገሉበት ዋስትና።
ወረርሽኝ፡- በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚያጠቃ በሽታ።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. «የጸደቀ ገንዘብ» እና «የተከፈለ ገንዘብ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? በ2025 ከሆነው ምሳሌ ስጡ።
2. ፈንጣጣን ለማጥፋት ከወጣው 300 ሚሊዮን ዶላር 100 ሚሊዮኑ የውጭ ርዳታ ከሆነ፣ በሽታው የነበረባቸው አገሮች ድርሻ ከመቶ ስንት ነው?
3. ግሎባል ፈንድ በኖቬምበር 2025 ከጠየቀው ገንዘብ ቃል የተገባለት ከመቶ ስንት ያህል ነው? ምን ያህልስ ጎደለው?
4. የፈንጣጣ ዘመቻ ሲሳካ የወባ ዘመቻ ለምን አልተሳካም? ሁለት ምክንያት ጻፉ።
5. «ሀብታም አገር ለድሀ አገር ጤና የሚሰጠው ለራሱ ጥቅም ነው» የሚል ክርክር ቢነሣ ምን ትላላችሁ? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

የቤት ሥራ፡- ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የቤታችሁን የአንድ ወር በጀት ጻፉ። ለጤና የተመደበ ገንዘብ አለ? ከሌለ ከየትኛው ወጪ ላይ፣ ስንት ሽልንግ መቆጠብ ይቻላል? ገንዘቡን ማሳየት የማይፈልግ ቤተሰብ በምሳሌ ቁጥር ሊሠራው ይችላል። የጥያቄ ሁለትና ሦስት መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

መልካም ጥናት!

የበጎ ፈቃድ መምህር፣ ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ